የጋሽ ዳንጊሶ ጋዜጣ

ካሜራ ሰውን ያጃጅላል። ፊት ለፊቱ የሚቆመውማ ምን ያድርግ፤ ፀጉሩን ያስተካክላል፣ ሆዱን ሳብ ያደርጋል፣ በቃ። እኔ የምለው ከኋላው የሚቆመውን ነው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላኛው ብቻ ዓለምን ማየት የጀመረ ሰው፣ ሁለቱንም ዓይኖቻችንን ገልጠን የምንሄደው ሁሉ ምንም የማናይ ይመስለዋል። ሰው ለማማት ፈልጌ እንዳይመስላችሁ። ራሴን ነው የማማው።

በደርግ ዘመን ሐዋሳ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ያኔ ሁላችንም አዋሳ ነበር የምንላት። የምማረው ግብርና ሲሆን፣ ስለ በቆሎ በሽታ ያኔ የማውቀውን ያህል ዛሬ ስለ ራሴ ጤና አላውቅም። ታዲያ በሁለተኛው ዓመት አንድ ተአምር መጣ። ገበሬውን በፊልም ማስተማር የሚባል ኮርስ ተከፈተ! አስተማሪው መምህር ሥዩም ውጭ አገር ፊልምና ቴሌቪዥን ተምረው የመጡ፣ ሲራመዱ እንኳ አንድ ሰው ከሩቅ የሚቀርጻቸው የሚመስላቸው ሰው ነበሩ። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ተመዘገብን። ካሜራው ግን ገና በመንገድ ላይ ነው ተባለ።

ካሜራ ሳይኖር ፊልም መማር ይቻላል ወይ? እንዴታ! ሁለት ወር ሙሉ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታችን ሳጥን እየሠራን በዚያ ውስጥ አገር ስናይ ከረምን። የጋሪ ፈረስ በጣቶቼ መሃል አሳለፍኩ። ሐይቁን በጣቶቼ መሃል ከትቼ አየሁት። የምግብ ቤቱን ወጥ እንኳ በጣቶቼ መሃል ሳየው ያማረ ነገር መሰለኝ። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ እርስ በርስ ተመካክረው ጠበል እንድሄድ በትሕትና ሐሳብ አቀረቡልኝ።

ካሜራው የመጣ ዕለት ተጋፍተን ከበብነው። እንደ ሰዓት በቁልፍ የሚሞላ፣ ድምፅ የማይቀዳ፣ ክብደቱ የማሽላ ቁና የሚያህል ብረት ነው። ለእያንዳንዳችን ሦስት ደቂቃ እንኳን የማይሞላ አንድ ጥቅል ፊልም ደረሰን። ከዚያ መምህር ሥዩም ጉሮሯቸውን ጠራርገው ዋናውን ነገር ነገሩን፦ ከሁሉ የተሻለውን ፊልም የሠራ ተማሪ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ፊልምና ቴሌቪዥን እንዲማር ውጭ አገር ይላካል። አራት ዓመት!

ከዚያ ቀን ወዲያ ምግብ አልበላ አለኝ። ጓደኞቼ በቆሎ፣ የከብት ክትባትና ማዳበሪያ እያሉ ርእስ ሲመርጡ እኔ ብልጡ መሠረተ ትምህርትን መረጥኩ። ከላይ የሚመጣ ባለሥልጣን በቆሎ ሊሰለቸው ይችላል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሰለቸኝ የሚል ባለሥልጣን ግን በዚያ ዘመን አልተፈጠረም። ሁለት ትዕይንት ጻፍኩ። በመጀመሪያው፣ ያልተማረ ሰው ጋዜጣ ዘቅዝቆ ይዞ ዓይኑን ያንከራትታል። በሁለተኛው፣ ያው ሰው የምስክር ወረቀቱን ከኋላው ሰቅሎ ጋዜጣውን ቀጥ አድርጎ ያነባል። ያልተማረ ሰው ጋዜጣ ዘቅዝቆ እንደሚይዝ ማን እንደወሰነ አላውቅም፤ በየመድረኩ በሚታየው ድራማ ሁሉ ግን እንዲያ ነበር የሚይዘው።

ተዋናዬ ጋሽ ዳንጊሶ ነበሩ። ሐይቁ ዳር መረብ የሚጠግኑ፣ ስድሳን የተሻገሩ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። የልጅነት ቋንቋቸው ሲዳምኛ ነው፤ አማርኛውን ዓሣ ሲሸጡ ስለለመዱት ቃል ሲያወጡ እየመዘኑ ነው። በዚያው ዓመት የመሠረተ ትምህርት ፈተና አልፈው የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል። የነገሩ ክፋትም እሱ ሆነ። ለአንድ ደቂቃ ያልተማሩ ሰው ይሁኑልኝ ብዬ ሳምንት ሙሉ ለመንኳቸው። ሰው እየሳቀባቸው በስተርጅና ፊደል የቆጠሩት ለዚህ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። በመጨረሻ በአንድ ውል ተስማማን፦ የተማሩበት ትዕይንት ካልተማሩበት ይረዝማል።

የቀረጻው ዕለት መንደሩ በሙሉ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ጋሽ ዳንጊሶ ኮት ለብሰው መጡ። ጋዜጣውን ዘቅዝቄ ሰጠኋቸው፤ ወደ ውጭ የሚታየው ማስታወቂያ የሞላበት ገጽ እንዲሆንም ተጠነቀቅኩ። ሰውየው ግን ግራ የተጋባ ፊት አላመጣ አሉ! ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ፈገግ ይላሉ፣ አንድ ጊዜማ ወይ ጉድ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ሆኑ ብላቸው የእግር ኳሱን ውጤት ነገሩኝ። ከሬዲዮ የሰሙት መስሎኝ፣ አሁን የኳስ ሰዓት አይደለም ብዬ በአክብሮት ተቆጣሁ። በስንት ልመና ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉልኝ።

ሁለተኛው ትዕይንት መጣ። የምስክር ወረቀቱን ዋርካው ላይ ሰቀልን። ጋዜጣውን አሁን የፊት ገጹን ወደ እኔ አድርጌ ቀጥ አድርጌ አስያዝኳቸው። ጋሽ ዳንጊሶ ደረቁ። አንዷን ፊደል ይዘው ይታገላሉ፣ ላባቸው ይወርዳል። ካሜራ ፈርተው ነው ብዬ አዘንኩላቸው። ድምፅ ስለማይቀዳ ከንፈርዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ ስላቸው ክፉኛ ተቀየሙኝ።

«ልጄ፣ ያላነበብኩትን አነበብኩ አልልም» አሉኝ።

ትንሽ ጊዜ ስጠኝ ብለው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ፤ ተመልሰው ተቀመጡና በል ጀምር አሉኝ። ጌታዬ! ያ የደረቀ ፊት በራ። ዓይናቸው መስመሩን እየተከተለ ይሮጣል፣ ከንፈራቸው እንደ ውኃ ይፈሳል። እኔ ደግሞ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ፊታቸው ላይ ተተክያለሁ። ከፊታቸው ሌላ ምንም አላየሁም። ፊልሙ ቀጭ ብሎ ሲያልቅ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እኔም ሮጬ የጋሽ ዳንጊሶን ትከሻ ሳምኩ። በሐሳቤ ከዚያው አውሮፕላን ተሳፍሬ ነበር።

ፊልሙ አዲስ አበባ ሄዶ ታጥቦ የተመለሰው ከወር በኋላ፣ ያውም ሊታይ በተቀጠረበት ዕለት ነው። አስቀድሞ ለማየት ጊዜ የት አለ? ከምሳ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። ቀይ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ መሃል ፊልሞቹን እንዲዳኙ ከላይ የተላኩት ጓድ ተቀመጡ፤ በስተቀኛቸው መምህር ሥዩም፣ በስተግራቸው የቀበሌው ሊቀመንበር። መብራቱ ጠፋ። በቆሎ ታየ። ላም ታየች። ማዳበሪያ ታየ። አሥራ አንድ ፊልም በዚያ ሙቀት ካለፈ በኋላ የእኔ ደረሰ።

የመጀመሪያው ትዕይንት ሲታይ አዳራሹ ሳቀ። ሁለተኛው መጣ። የምስክር ወረቀቱ አለ። ጋሽ ዳንጊሶ እንደ ፀሐይ በርተዋል። ጋዜጣው... ጋዜጣው ተዘቅዝቋል! ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ባዞሩበት ቅጽበት ገልብጠውት ኖሯል። በዚያ ዘመን ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ የማን ፎቶግራፍ እንደሚወጣ የዘመኑ ሰው ሳልነግረው ያውቃል። ለልጆች ልንገር፤ ሁልጊዜ የአንድ ሰው ነበር። ያ ሰው አሁን የአዳራሹን ግድግዳ አክሎ በአናቱ ቆሟል።

እኔ ሒሳብ ያዝኩ፦ ዘመቻው ማንንም አላስተማረም ማለት አንድ ወንጀል፣ መሪን መዘቅዘቅ ሁለት። ሁለቱንም ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ! ከእንግዲህ ውጭ አገር ቀርቶ ውጭ ራሱ የሚናፍቀኝ ቦታ ልሄድ መሆኑ ታየኝ።

መብራት ሲበራ የቀበሌው ሊቀመንበር ተነሥተው ይህ ሰው ፊደል አይለይም፣ የምስክር ወረቀቱን ማን ሰጠው ብለው ጮኹ። ወረቀቱ ላይ የፈረሙት ራሳቸው መሆናቸውን ለጊዜው ረስተውታል። መሃል የተቀመጡት ጓድ ግን ወረቀት አውጥተው አንድ ነገር ጫር ጫር አደረጉና ወደ መምህር ሥዩም ገፋ አደረጉት።

ይኼኔ ጋሽ ዳንጊሶ ከኋላ ወንበር ተነሡ። ቀስ ብለው መጥተው ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ቆሙ። ነገሩን በረጋ ድምፅ አስረዱ። ዋርካው ሥር ሲማሩ መጽሐፉ ለስምንት ሰው አንድ ነበር። እሳቸው ከሐይቅ ሲመለሱ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ፤ ክፍት የሚሆነውም ከመጽሐፉ ማዶ ያለው ቦታ ብቻ ነው። ከሀ እስከ ፐ ያወቁት በማዶ ሆነው ነው።

«እኔ ፊደሉን ያወቅሁት በእግሩ በኩል ነው። በራሱ በኩል ሲመጣብኝ አላውቀውም» አሉ።

ሊቀመንበሩ እንግዲያው አንብብና አሳየን አሉ። ጋሽ ዳንጊሶ የሚነበብ ነገር ፈለጉ። ቀዩ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአፍንጫቸው ሥር፣ ለእሳቸው ተዘቅዝቃ ጓዱ የጫሯት ያቺ ወረቀት አለች። ይቺን ላንብብ ብለው ጠየቁ፤ ከልካይ ሳይገኝ ከሰባት ጀልባ ማዶ በሚሰማ ድምፅ ጀመሩ።

«ጓድ ሥዩም፣ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ፊልሙ እንዴት ነው? ላጨብጭብ ወይስ ልቆጣ?»

አሁን እስቲ በጓዱ ቦታ ሁኑና ፍረዱ። ሽማግሌው ተሳስቷል ካሉ ዘመቻው ከሸፈ። በትክክል አንብቧል ካሉ ተኝተዋል። ጓዱ ሊቀመንበሩን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ብድግ ብለው ማንበብ ማለት ይህ ነው ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ! እኛም መዳፋችን እስኪቃጠል አጨበጨብን። ስለ ተዘቀዘቀው ፎቶግራፍ ማን ይንገራቸው? ለመንገር እርስዎ በተኙበት ሰዓት ብሎ መጀመር ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ። መምህር ሥዩም ፊልሙን አንሥተው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያ ወዲያ እኔም አላየሁት፣ እሳቸውም አላነሡት።

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። ተመርጫለሁ! ከኮሌጁ እስከ ሐይቁ ድረስ በሩጫ ነው የሄድኩት፤ ጋሪ እንኳን ይዘገይብኛል ብዬ። ጋሽ ዳንጊሶ ከተገለበጠች ጀልባ ማዶ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ደብዳቤውን ጀልባዋ ላይ ዘረጋሁት። የጓዱ ፊርማ አለበት፤ የዚህን ተማሪ ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በንቃት ተከታትዬ ለትምህርት ብቁ ሆኖ አግኝቼዋለሁ ይላል።

ጋሽ ዳንጊሶ መረቡን አስቀምጠው ከማዶ ሆነው አነበቡት። ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከዚያ በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

«እስቲ አንተ በራሱ በኩል አንብበው፣ ልጄ» አሉኝ። «በእግሩ በኩል ውሸት ሆነብኝ።»