አየነው የሂላልን ግብ ጠባቂ ከቱነይድባ ሰልፍ እንደማረከ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ዝናብ በጠፋበትና አገር ሁሉ ወደ ሱዳን በፈለሰበት ጊዜ፣ ግርማዊ አየነው ዘጎንደር የሱዳኑን እግር ኳስ ቡድን የሂላልን ካርድ መሰብሰብ በጀመረ በሰባተኛው ዓመተ መንግሥቱ፣ ይህ ሆነ።

ካርድ ስንል፣ ድሮ በሻይ ካርቶን ውስጥ ይወጣ የነበረው፣ የተጫዋች ፎቶ ያለበት፣ ዛሬ ቢፈለግ የማይገኘው ነው። ንጉሣችን ለቀን ሥራ ሱዳን ሲመላለስ፣ ከዶካ ገበያ፣ ከሎሪ ሾፌር፣ ከኒው ሀልፋ ሸንኮራ ቆራጭ፣ እየለመነም እየለወጠም አሥሩን አገኘ። ግብ ጠባቂው ግን ጠፋ፤ ቡድኑም ይኸን ሁሉ ዘመን ጎሉ ክፍት ሆኖ በጨርቅ ተጠቅልሎ ኖረ።

ወእምዝ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ በቱነይድባ መጠለያ የእርዳታ ማሽላ፣ ዱራ የሚሉት፣ በሚታደልበት ቀን፣ ሚስቱ እናኑ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ እንዲህ ስትል አዋጅ ነገረች፦ «ሰልፉ በተጠጋ ቁጥር ድንጋያችንን እየገፋህ ቆይ! ዱራ ሳትይዝ ባገኝህ፣ እራትህ ካርድህ ነው!»

በዚያ መጠለያ ሰው በጠራራ ፀሐይ አይሰለፍም፣ ዕቃውን ወይም ድንጋዩን ነው የሚያሰልፈው። ባለቤቱ ከጥላ እየወጣ ወደፊት ይገፋዋል፤ ያልተገፋ ይታለፋል፣ በቃ። የዚያን ቀን ታዲያ አያ ላቀው የተባሉ ሽማግሌ፣ ጣሳቸው ከሰው ጣሳ እንዳይምታታ፣ የሂላልን ግብ ጠባቂ በሊጥ ለጥፈውበት ከአየነው ድንጋይ ፊት አቁመውት ተገኙ!

አየነው ይህን ባየ ጊዜ ልመና አቀረበ። አያ ላቀውም ከተቀመጡበት ሳይነሱ አወጁ፦ «የጣሳዬን መልክ የፈለገ፣ ጣሳዬን ይሁን! ተራዬ እስኪደርስ ይቁም። ንቅንቅ ቢል ካርድ የለም! ጣሳ ዞር ብሎ ሲያይ አይቼ አላውቅም!»

ቆመም። ሠራዊቱም እነሆ፦ በቀኝ አዝማችነት የአሰፋች ሸበጥ፣ ያውም የግራ እግሩ፤ በግራ አዝማችነት የያለምወርቅ ቅርጫት፤ በደጀንነት የበድሩ ሽንቁር ጀሪካን። ዝንብ አፍንጫው ላይ ሰፈረች፣ እሽ አላላትም። አያ ላቀው ብቅ እያሉ በከዘራቸው ቁርጭምጭሚቱን ሲገፉት አንድ አንድ እርምጃ ይጠጋል። ከኋላው የሌሎቹ ዕቃ ሲንኳኳ፣ ሲንኳኳ፣ የገዛ ድንጋዩን አልፎ ሲመጣ ይሰማዋል። ልቡ ዞረ፤ አንገቱ ግን አልዞረም።

አያ ላቀው ዱራቸውን አሰፈሩ፤ ግብ ጠባቂውም በክብር ተላጠ። አየነው ወደ ድንጋዩ ሲሮጥ ግን አዳዩ «ኸላስ! ዱራ አለቀ! ቡክራ፣ ነገ ኑ!» ብሎ አወጀ።

እናኑም ውኃዋን እንደተሸከመች ደረሰች፤ ካርዱን አየች፣ ባዶውን ከረጢት አየች፤ ሕዝብ በተሰበሰበበትም አወጀች፦ «ይኸ ነው ግብ ጠባቂው? እኛ ላይ የገባውንስ አልያዘም!»

ሰልፈኛው በሳቅ ሞተ። አየነውም ካርዱን ሊመልስ እጁን ዘረጋ፣ እውነቱን ነው፣ ዘረጋ። አያ ላቀው ግን ካርዱን ትተው ጣሳቸውን አነሱ፣ ከገዛ ዱራቸው እስከ አፉ ሞሉት፣ በእናኑ ነጠላ ላይም ገለበጡት፦ «ቀኑን ሙሉ የቆመ ጣሳ ባዶውን አይገባም!»

እናኑም ጫፉን ቋጥራ የመጨረሻውን አዋጅ አወጀች፦ «ከነገ ጀምሮ ድንጋይ ቀርቷል፤ እኔ እገፋለሁ፣ ባሌ ይቆማል!»

ጋልቦ የማረከ ንጉሥ ሞልቷል፤ ተኩሶም የማረከ እንዲሁ። ጣሳ ሆኖ፣ ዝም ብሎ፣ ማርኮም ለእራት የደረሰ ግን አየነው ብቻ ነው! አሥራ አንድም ሞላ፤ ጎሉም ተዘጋ፤ ስሙ ሰልፍ እስካለ ድረስ ይቁም!