በመጀመሪያ ዋጋ አይሸጥም

ሴት ልጅ የወለደ አባት በዕድሜው አንድ ቀን ይነግሣል። ያችኑ ቀን ደግሞ ራሱ ያበላሻታል። አታምኑኝም? እንግዲያው የእኔን ስሙ...

እኔ ካዛንቺስ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት ወታደር ነበርኩ። ሠራዊቱ ከተበተነ ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ሰፈሩ ግን ዛሬም «አሥር አለቃ» እንጂ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ከውትድርና «ወደኋላ አትበል» የሚለውን ተማርኩ፤ ከንግድ ደግሞ «በመጀመሪያ ዋጋ አትሽጥ» የሚለውን። ሁለቱ ለየብቻቸው እንጀራ ናቸው። የተገናኙ ዕለት ግን... ጉድ ናቸው!

ትልቋ ልጄ ሕይወት «አባባ፣ እሑድ ጠዋት ቤት ነህ አይደል?» ስትለኝ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሽማግሌ ሊመጣ ነው! ሥርዓቱን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ሁሉም ሰው እንዳላወቀ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ይለምናሉ፣ አባት ይኮሳተራል፣ በመጨረሻ «ከቤተሰብ ጋር ልምከርበት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ይላል። ያቺ ቀጠሮ «እሺ» ማለት ናት። ባለቤቴ እቴነሽማ ለቀጠሮው ቀን የሚታረደውን ዶሮ በልቧ መርጣ ጨርሳለች።

እኔም ሳምንቱን ሙሉ ሱቄ ውስጥ፣ ከምሸጠው የመታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ ስኮሳተር ሰነበትኩ። ደንበኞቼ ዕቃ የተወደደ እየመሰላቸው ከበር ተመለሱ።

እሑድ ደረሰ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው በሬ ላይ ቆሙ። የፊት መሪያቸው ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ከባምቢስ እስከ ቄራ እሳቸው ያልሸመገሉት ባልና ሚስት ቢገኝ፣ ተደብቆ የተጋባ ነው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ጉልበታቸው መቀመጥ መቀመጥ እያለው። «የቄራው አቶ ደምሴ፣ ባለ ሥጋ ቤቱ፣ ልጃቸውን ብሩክን ከልጅዎ ከሕይወት ጋር...»

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር ይጠግናል።»

«ኮምፒውተር መበላሸት ያቆመ ዕለትስ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ደስ አለኝ! በዕድሜዬ እንዲህ ተሰምቼ አላውቅም፤ ጦር ሜዳ እንኳን ከእኔ ይልቅ የሚሰማው ሬዲዮው ነበር።

«ውትድርናስ?»

«ኧረ አሥር አለቃ! አሁን እኮ ጦርነት የለም።»

«ጦርነት እንኳን ፈልጎ ማግኘት ያቃተው፣ ጎጆ እንዴት ያቆማል?»

ከመጋረጃው ጀርባ ሕይወት ጉሮሮዋን ጠረገች። «በቃህ አባባ» ማለቷ ነው። እኔ ግን ሞቅ ብሎኛል። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባል የለ? የእኔ በሰፊው ታየ! ደረቴን ነፍቼ «እኔ የምድራት ልጅ የለችኝም!» ብዬ ዘጋሁት።

ጋሽ ወልዴ ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ። እሳቸው የሚጠብቁት ቀጠሮዋን ነው፤ እኔ የምጠብቀው ዋጋ እንዲጨምሩ። በመጨረሻ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ወጡ።

አልደነገጥኩም። ደንበኛ ሁልጊዜ ይወጣል፤ ጥግ ላይ ሲደርስ ዞር ይላል። በመስኮት አየኋቸው። ጥጉ ጋ ደረሱ... ታጠፉ... «ኑ እንግዲህ!» ብሎ መጣራት ነበር። ነጋዴው ሊጣራ ሲል ወታደሩ አፉን ያዘው።

እቴነሽ ከጓዳ ብቅ አለች። «ለመቼ ቀጠርካቸው?»

መስኮቱን መዝጋት ጀመርኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀጠሮ ሰጥተሃቸዋል አይደል?»

«ይመለሳሉ። ዞረው ዞረው የትም አያገኟት።»

«ልጄ ቧንቧ ናት እንዴ?!»

አልተመለሱም። ሳምንት አለፈ፣ ወር ሞላ። ሕይወት ከእኔ ጋር በአፍ መነጋገር ትታ በሳህን መነጋገር ጀመረች፤ ስታስቀምጠው ብቻ ስድቡን እሰማለሁ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ግን «የብሩክ አባት ሌላ ቤት ሽማግሌ ልላክልህ እያሉት ነው» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ያኔ ወታደሩም ነጋዴውም አብረው እጅ ሰጡ።

ጋሽ ወልዴ ቤት ገሰገስኩ።

«ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።»

«ወዴት?»

«አቶ ደምሴ ጋ።»

«እኔ እኮ የደምሴ ሽማግሌ ነኝ!»

«ለዚህ ነው የመረጥኩዎት፤ መንገዱን ያውቁታል።»

የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ሲልክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አቶ ደምሴም አላየም። ይባስ ብሎ ወንድ ወንድ ብቻ ነው የወለደው፤ ሽማግሌ ሲልክ እንጂ ሲላክበት አያውቅም። በሩ ላይ ሦስት ነጠላ ተሰልፎ ሲያይ ቢላዋውን አስቀመጠ፣ ሽርጡን ፈታ... ነገሠ!

«'ልጅቷ ሙያ አላት?' አይለኝም!» አሉ ጋሽ ወልዴ ሲመለሱ። «ባለፈው ሙያዋን የነገርኩት እኔው!»

«ከዚያስ?»

«'ከቤተሰብ ጋር ልምከርበት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።' እሱ እንኳን ሥርዓት ያውቃል!»

ቀጠሮው ሲደርስ ግን ጋሽ ወልዴ ንቅንቅ አልል አሉ። «ቄራ ስደርስ የካዛንቺስ ነኝ፣ ካዛንቺስ ስደርስ የቄራ። ሚስቴ 'የማን ሽማግሌ ነህ?' ብትለኝ መልስ አጣሁ። ተውኩት!»

ከሰዓት በኋላ አቶ ደምሴ እያለከለከ ሱቄ ገባ። «ሽማግሌዎችህ የት ቀሩ? ዶሮው እኮ ቀዘቀዘ!»

«የአንተም ሽማግሌዎች ናቸው» አልኩት።

እዚያው ተጨባብጣችሁ አትጨርሱም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ያለ ሽማግሌ? ደረሰኝ እንደሌለው ዕቃ! የተበላሸ ዕለት ለማን ይመለሳል?

ስለዚህ ሁለታችን ነጠላ ተዋስን፣ አጣፋን፣ ሽምግልናውን እንዳይተዉ ልንለምን ጋሽ ወልዴ በር ላይ ሄደን ቆምን።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ጋሽ ወልዴ ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። ስንት ዘመን በሰው በር ቆመው የደከሙ ጉልበቶች አንዱ ባንዱ ላይ ወጡ። ከእግር እስከ ራሳችን አዩን።

«ሥራችሁ ምንድን ነው?»

«ኧረ ጋሽ ወልዴ!»

«ከባለቤቴ ጋር ልምከርበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።»

አንገታችንን ደፍተን ወጣን። ጥጉ ላይ ሕይወትና ብሩክ ቆመው ይጠብቁናል።

«ምን አሉ?»

«ተዪኝ ልጄ... ለሁለት ሳምንት ቀጠሩን።»

ሕይወት እዚያው አስፋልቱ ዳር እልልታዋን አቀለጠችው!

«አበድሽ እንዴ?»

«አባባ፣ ቀጠሮ ከሰጡማ እሺ ብለዋል!»

አቶ ደምሴ ነጠላውን እየፈታ ወደ እኔ ዞረ።

«ልጅቷ ሙያ አላት» አለ።