የዘሀራ የሚድ ውጤት

ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባችለት አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ከሚሴ ጎረቤቴን አያ ሙሄን አይቻለሁ። ዘሀራ ደውላ፣ «አባ፣ ሚድ ፈተና ከሠላሳ ሃያ ስምንት አመጣሁ!» ብትለው፣ ሌላ አባት ቢሆን ሰፈሩን በወሬ ያዳርስ ነበር። እሱ ግን፣ «ሁለቱን ማን ነው የወሰደባት?» ብሎ ተነሣ። ፊደል ስላልቆጠረ እኔን አስከትሎ በሚኒባስ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄደ።

«የልጄን ሁለት ነጥብ መልስ!» ቢለውም፣ ወጣቱ መምህሯ አልተቆጣም። «አባባ፣ ከክፍሉ አንደኛ እኮ ናት» ብሎ የፈተና ወረቀቷን ሰጠው።

አያ ሙሄ ክሱን ረሳው። ገጹን እየገለጠ ጽሕፈቷን በጣቱ ተከተለ።

«ወላሂ፣ ይኼን ሁሉ የጻፈችው የኔ ዘሀራ ናት?»

ማንበብ እችላለሁ የምለው እኔም ከወረቀቱ አንዲት መስመር እንኳ አልገባችኝም። አብሬው አፌን ከፍቼ ቆምኩ።