ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!

እናንተ ከሥራ ተባራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስራ አንዴ። ደግሞ ከአንድ መሥሪያ ቤት።

አትሳቁ። ቃሊቲ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠራ ብረታ ብረት ቤት አለ፤ ንብረት ክፍል ነኝ። ባለቤቱ ጋሽ ደምሰው ሲናደዱ ያባርራሉ። የተባረረው በሩ ላይ ካለው የሙሰማ ሱቅ ለስላሳውን ይጠጣል፣ አንድ ሽማግሌ ቢጤ ገብቶ "ይቅር ይበሉት" ይላል፣ አለቀ። ከምሳ በኋላ ሁሉም ሥራው ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ማለት ለእኛ ይኸው ነበር።

በያጁ እሸቱ ላይ ግን ነገሩ ከረረ። እሸቱ ከቱሉ ዲምቱ በታክሲ ተጋፍቶ የሚመጣ፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። አንድ ቀን የተሠራ በር ሊገጠም ሲል ጠበበ። ማን ነው የለካው ተባለ። እሸቱ፣ "ራሳቸው ጋሽ ደምሰው ናቸው" አለ። እውነቱን መናገሩ ባልከፋ፤ ደንበኛው ፊት መሆኑ እንጂ!

"ውጣ! ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!" አሉት። ሽማግሌ ቢገባም "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ብለው ዘጉ።

እሸቱ ሊያለቅስ ደረሰ። አንጀቴን በላው። ከጭንቁ ያወጣው ሙሰማ ነው። ሙሰማ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ፣ ተባሮ፣ ተከራክሮ ያውቃል።

"ወረቀት ሰጡህ?" አለው።

"ኧረ አልሰጡኝም።"

"እንግዲያው ምኑን ተባረርክ? ሕጉ ስንብት በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይሁን ነው የሚለው። ቤትህ ከተቀመጥክ ግን ቀረ ይሉሃል። ያኔ ራስህን አባረርክ!"

"ዓይንህን እንዳላይ ብለውኛል እኮ!"

"ታዲያ አታሳያቸዋ!"

እሸቱ ቀልድ አይገባውም። በማግስቱ ጠዋት ጥቁሩን የብየዳ መነፅር አድርጎ መጣ። የሰዓት መዝገቡ ላይ ፈረመ፣ በየደ። ሻይ ሲጠጣም አላወለቀው። ጋሽ ደምሰው ባለፉ ቁጥር "እንደምን አደሩ" ይላል፣ ከነመነፅሩ። ሰውዬው ግራ ገባቸው። እንደገና እንዳያባርሩት፣ ያባረሩት ሰው ነው። ሳምንት ታግሰው ደብዳቤ ጻፉለት፤ "ያለ ፈቃድ ከሥራ በመቅረትህ ተሰናብተሃል" የሚል።

እሸቱ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤት ደረስን። ምስክሩ እኔ ነኝ። ዳኛዋ ከመቼ ጀምሮ ነው የቀረው ብለው ጠየቁ። ጋሽ ደምሰው ኮታቸውን አስተካክለው፣ "ካባረርኩት ቀን ጀምሮ ነዋ!" አሉ። ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ያባረሩትን ሰው ቀረ ብለው ነው እንዴ የሚያባርሩት? ደግሞስ ይሄ የየዕለቱ ፊርማ የማን ነው? ጋሽ ደምሰው አንገታቸውን ደፍተው፣ መነፅር ያደረገ ሰው አይቻለሁ፣ ዓይኑን ግን በሕግ አምላክ አላየሁም አሉ። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። እሸቱ ወደ ሥራው ይመለስ ተባለ።

ጨፈርን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ጋሽ ደምሰውም ይህችኑ ይዘው ተመለሱ። ስድብ ቀረ፣ ጩኸት ቀረ። ላረፈደ ደብዳቤ፣ ብረት ላበላሸ ደብዳቤ፣ ከነቁጥሩ፣ ከነማኅተሙ። ድሮ ቁጣቸው ከምሳ በፊት ይበርድ ነበር፤ ወረቀት ግን ምን ያበርደዋል? ፋይል ውስጥ ይገባል። ፋይልን የሚለምን ሽማግሌ ደግሞ ገና አልተወለደም።

ባለፈው ሰኞ እኔን አስጠሩኝ።

"እባክህ ቁጭ በል ወንድሜ" አሉ፣ ለስለስ ብለው።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ? ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ፤ ሳላነብ ፈረምኩ። ውጭ ወጥቼ ሳየው የዓመት ፈቃድ ነው። ሳልጠይቅ! በሕጉ መሠረት ማረፍ አለብህ ተብዬ።

ይኸው እያረፍኩ ነው። ሚስቴ ተኛ ትለኛለች፤ እንቅልፍ ከየት ይምጣ? ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አጥሩ ሥር ቆሜ አዳምጣለሁ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ስሜን ጠርተው "ይሄ ደንቆሮ!" ቢሉልኝ፣ ሥራዬ እንዳለ አውቄ ቤቴ ገብቼ እተኛ ነበር።