የወለተ ገብርኤል የወፍጮ መውቀሪያ ድንጋይ ከየት እንደመጣ ለማጣራት የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከቅዳሴ በኋላ።

ቦታ፦ ደሃና፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ጥላ ሥር። ውስጥ ያልተገባው ቁልፉ ከያዘው ሰው ጋር አምደወርቅ ስለሄደ ነው።

የተገኙ፦ ሰብሳቢ አቶ ደግሰው ከላይ መንደር፣ አቶ ይሄይስ ከታች መንደር፣ ከሰቆጣ የመጡት የቅርስ ባለሙያ ወይዘሪት ምሕረት፣ ጸሐፊ እኔ ገብረ ኢየሱስ፣ ከአባላቱ ሁሉ አብልጬ ፊደል የቆጠርሁ፣ ማለት እስከ «ዘ» ድረስ። የጸሐፊው ጎረቤት ወይዘሮ ሰገነት አባል ባይሆኑም ሊሟገቱ ስለመጡ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል ተባለ።

አጀንዳ 1፦ ድንጋዩ የየት ተወላጅ ነው?

ባለሙያዋ የጸሐፊው ሟች ባለቤት ወለተ ገብርኤል ወፍጮው ሲለሰልስ እየወቀረች ታሻክርበት የነበረው ድንጋይ በጥንት ሰው እጅ የተጠረበ መሣሪያ መሆኑን ገለጹ። ድንጋይ ብቻውን እንደማይናገር፣ የተኛበት አፈርና አብረውት የተቀበሩት ስብርባሪዎች ግን ማን እንደሠራው እንደሚመሰክሩ አስረዱ።

አቶ ይሄይስ ሟች ውኃ የምትቀዳው ከታች መንደር ስለነበር ድንጋዩም የታች መንደር ነው አሉ። ሰብሳቢው እንጨት የምትለቅመውስ ከላይ መንደር አይደለም ወይ ሲሉ መለሱ። አቶ ይሄይስ «የአንተ አያት እንኳን ድንጋይ ሊጠርብ፣ አጥሩንም የካበለት አያቴ ነው» ያሉት ለምሳሌ እንጂ ለስድብ አይደለም ተብሏል። እንደ ባዘነ ከብት ሦስት እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይለፈፍና ባለቤቱ ይምጣ የሚል ሐሳብም ቀርቦ፣ ባለቤቱ የመጣ እንደሆነ ማን ደፍሮ ያናግረዋል በሚል ወደቀ። ከብዙ ውይይት በኋላ ድንጋዩ የላይ መንደር ተወላጅ ነው ተብሎ ተወሰነ።

ባለሙያዋም እንግዲያውስ ቦታው ተጠንቶ እስኪያልቅ እንደሚታጠርና እንደማይታረስ አስታወቁ። ሰብሳቢው ብድግ ብለው ላይ መንደር ከጥንት ጀምሮ ድንጋይ የሚባል ነገር እንደሌለበት መሰከሩ። ብድግ ያሉት ከድንጋይ ላይ እንደነበር ተመዝግቧል። አቶ ይሄይስ «ውሳኔ ውሳኔ ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ» አሉ።

አጀንዳ 2፦ ድንጋዩ የት ይቀመጥ?

ወይዘሮ ሰገነት ሰቆጣ ይሂድ አሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ «አያ ገብረ ኢየሱስ እሷ ካረፈች ወዲህ ወፍጮውን ራሱ እየወቀረ ዱቄቱ ጠጠር ሆኗል። ለፋሲካ የቀመስሁት ዳቦ ጥርሴን ነቅሎ አስቀረው» አሉ። ጸሐፊው ይህ እንዳይጻፍ ጠየቀ። እንዲጻፍ ተወሰነ። ጸሐፊው የእሷን ድንጋይ የሚወስድ እኔንም አብሮ ይሸከም ቢልም፣ በአንድ ተቃውሞ፣ እሱም በጸሐፊው፣ ሰቆጣ ይሂድ ተባለ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ባለሙያዋ ጸሐፊውን «አባቴ፣ እሳቸው ከየት እንዳገኙት አልነገሩዎትም?» ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊው ዕድሜውን ሙሉ የዚያን ወፍጮ ዱቄት ሲበላ፣ መውቀሪያው ከየት መጣ ብሎ አንድ ቀን እንዳልጠየቀ ተናገረ።

ወይዘሮ ሰገነት «እኔን ማን ጠየቀኝ! የወፍጮውን መደብ ስትሠራ ከሥሩ ቆፍራ ያወጣችው ነው። እሱ ገበያ ወርዶ ነበር። ሌላም ብዙ እንዲህ ያለ አለ ብላኝ፣ አፈሩን መልሳ ደለደለችው» አሉ።

ላይ መንደርና ታች መንደር እግዜር ከፈጠራቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ ተስማምተው፣ የጸሐፊው ቤት ይታጠር ብለው ወሰኑ።

የሰብሳቢው አህያ የአቶ ይሄይስ ጭድ ውስጥ ስለተገኘች፣ ጥላው ከግድግዳው ሥር ባለቀ ጊዜ፣ እኩለ ቀን ላይ ጉባኤው ተበተነ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ አባላቱ አህያዋን ተከትለው ሲሄዱ ብዕሩ በጸሐፊው እጅ ስለቀረ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። አጥርም የለ፣ ሰቆጣም የለ። ድንጋዩ ወፍጮው ላይ ይቆያል። ባለሙያዋ ሲመለሱ ግን በሩ ክፍት ነው፤ ወፍጮውን አንሥተው ይቆፍሩ። እሷ ያየችውን ጸሐፊውም ማየት ይፈልጋል።

ዳቦ ግን ይዘው ይምጡ።