የሐጂ እድሪስ በር

እንግዳ መጣ ሲባል አሮጌ ነገር ሁሉ የሚያሳፍረው ሰው አታውቁም? እኔ ለዜና ሄጄ መተማ ላይ አግኝቼዋለሁ፤ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበር። በደርግ ዘመን ነው። ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች የጥንት ታሪክ ሊቀርጹ መጡ። የመረጡት የሽማግሌውን የሐጂ እድሪስን ቤት ነበር፤ አያታቸው በጌጥ ለፈለፈሉት የእንጨት በር ሲሉ። ሊቀመንበሩ ግን ከተማዋ እንዳታፍር ብሎ በዋዜማው በሩን አስነቀለና የቆርቆሮ በር አስገጠመ። እንግዶቹ ሲደርሱ ለምሳ የባቄላ ፉል ቀረበላቸው።

«አሮጌው በርስ?» አለ የፊልሙ አዘጋጅ።

«አይጨነቁ ጓድ፣ ፈልጠን ፉሉን አብስለንበታል!» አለ ሊቀመንበሩ።

አዘጋጁ እጁን ሰበሰበ። ፉሉ እንዴት በስሏል መሰላችሁ! ሐጂ የቆርቆሮውን በር አንዴ አዩና ሳህኑን ወደ አዘጋጁ አስጠጉለት።

«ብላ ልጄ» አሉት፤ «የአያቴ በር እንግዳ መልሶ አያውቅም።»