ክቡር ጥርጣሬ እና ያልታጠበው እጅ

በየመሥሪያ ቤቱ ፀሐይ መውጣቷን በሁለት ምስክር ካላረጋገጠ «ነግቷል» የማይል አንድ ሰው አይጠፋም። በአፈር ላብራቶሪው እኚህ ሰው ዶክተሩ ናቸው። በሌሉበት «ክቡር ጥርጣሬ» ይባላሉ።

ክቡርነታቸው ሚዛን አያምኑም፤ አንዱን ዘር ሦስቴ ያስመዝናሉ። ከቴርሞሜትሩ አጠገብ ሌላ ቴርሞሜትር ሰቅለዋል፤ ሁለቱ ሲስማሙ «ተመካክረው ይሆናል» ይላሉ። የባቄላ ሥር ላይ ያለችውን እባጭ ሁሉ በምላጭ ካልሰነጠቁ እንቅልፍ የላቸውም። ውስጧ ቀይ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ተክሉን ይመግባሉ። ነጭ ከሆነ ቁጭ ብለው ይበላሉ። «እንደ አስተዳደራችን» ይላሉ ዶክተሩ፣ ሳይስቁ።

ሰባት ዓመት የለፉት እነዚህን ባክቴሪያዎች ለያዘ አንድ ዱቄት ነው። ዘሩ በእሱ ታሽቶ ከተዘራ ገበሬው ማዳበሪያ ፍለጋ አይንከራተትም።

ዘንድሮ የመጨረሻው ሙከራ ነበር። ቴክኒሻኗ ሕጉን በቃሏ ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ ያልታሸው ዘር፣ ከዚያ የታሸው። የዚያን ቀን ግን ሰማዩ ሲያጉረመርም ቸኮለች። የታሸውን አስቀድማ ዘርታ ስታበቃ ዱቄቱ በነካው በዚያው እጇ ወደ ያልታሸው መደብ አለፈች።

ከሁለት ወር በኋላ ዶክተሩ ከሁለቱም መደብ ሥር ነቅለው ሰነጠቁ። ሁለቱም ቀይ።

«እጅሽን ታጥበሽ ነበር?»

«ታጥቤያለሁ፣ ዶክተር።»

ደግመው እስኪጠይቋት ጠበቀች። አልጠየቁም።

«እንግዲያው አፈሩ የራሱ ባክቴሪያ አለው። የኛ ዱቄት ለካ ትርፍ ነገር ኖሯል» አሉና ሙከራው እንዲዘጋ ደብዳቤ ሊጽፉ ቢሯቸው ገቡ። ትከሻቸው ወድቆ ነበር።

የገዛ ዓይናቸውን የማያምኑ ሰው የእሷን አፍ አመኑ! ቢሰድቧት በተሻላት። ኮንትራቷ የሚታደሰው በሳቸው ፊርማ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ወዲያ ወዲህ ብላ፣ በመጨረሻ በሩን ገፋችው።

«ዶክተር፣ ዋሽቻለሁ። አልታጠብኩም።»

ብዕራቸው ቆመ።

«አንድ ክረምት በላሽብን» አሉ። «ዱቄቱን ለሚጠብቁት ገበሬዎች ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ዶክተሩ ደብዳቤውን ቀደዱና ደብተራቸውን ገለጡ።

«ያልታሸውን ከየትኛው ረድፍ ጀመርሽ?»

«ከሦስተኛው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

እንደ ወትሯቸው ሲጠራጠሯት ከእፎይታ እንባዋ መጣ። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ አንድ በአንድ የሚጣራ ገና ሠላሳ ረድፍ ይቀራቸው ነበር።